ሰይድ አልከፈተውም

የንስሐ አባቴ ብዙ ኃጢአቴን ሰምተዋል። ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ በቅዳሴ ሰዓት ቤቴ መተኛቴን አንድ በአንድ ነግሬያቸው፣ ቀኖናዬን ተቀብዬ፣ ቀለል ብሎኝ ወጥቻለሁ። ይህን አንዱን ግን አልነገርኳቸውም። ለሚስቴም አልነገርኩም። በየጋዜጣው የሰውን ጉድ ስጽፍ ስኖር የራሴን ይህን ጉድ በአንድ መስመር እንኳ ነካክቼው አላውቅም። ለምን? ኃጢአት መሆኑን እርግጠኛ ስላልሆንኩ ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖርኩ። የመጽሐፍ ማንበቢያ ባትሪ ለመቀየር መሞከር የትኛውን ትእዛዝ ይጥሳል? እንዲህ እያልኩ እቀልድ ነበር፣ ለብቻዬ። ስሙን ግን ድሮም አውቀዋለሁ። በሐሰት መመስከር ይባላል።

ያኔ መንዝ ውስጥ፣ ዘመሮ በምትባል ከተማ ታሪክ አስተምር ነበር። ዘመኑ አንድ ለአምስት የምንደራጅበት፣ የልማት ስብሰባ የማያልቅበት፣ የመብራት ምሰሶ መንዝ ድረስ ደርሶ መብራቱ ግን ሲፈልግ የሚመጣበት ነው። እኔ በየስብሰባው እጁን አውጥቶ የሚቃወም ሰው ነበርኩ። ሰብሳቢው «አለ» ካለ የለም፣ «የለም» ካለ አለ እል ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ እጄ ሲነሣ ሲያዩ «በሉ ምሳ ቀረ» ይባባሉ ነበር። ይህን እንደ ምስጋና ነበር የምወስደው። ብዙ አንብቤአለሁና ብዙ አውቃለሁ ብዬ አምን ነበር። ማንበብና ማወቅ አንድ እንዳልሆኑ የነገረኝ ሰው ጠፍቶ አይደለም። እየነገሩኝ አልሰማ ብዬ ነው።

እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ እትዬ አስካለ ናቸው። እኔን ብቻ አይደለም፣ የዚያን አገር ፊደል ቆጣሪ ሁሉ ያስተማሩ እሳቸው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ሥራቸው ማንበብ ሆነ። ልጅ የላቸውም፤ ያሳደጉት የእህታቸው ልጅ ጌታሁን ጓሳ ላይ ጎብኚ እየመራ ይተዳደር ነበር። ከጎብኚዎቹ አንዱ ወደ አገሩ ሲመለስ ለጌታሁን በባትሪ የሚሠራ የመጽሐፍ ማንበቢያ ሰጥቶት ሄደ። የደብተር ያህል የሚሆን፣ ግራጫ፣ ቀላል ዕቃ ነው። ውስጡ መቶ የሚሆን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበረበት። ጌታሁን ለአክስቱ ሰጣቸው። እሱ «ታብሌት» ይለዋል፤ እሳቸው «ሰሌዳዬ» ይሉታል።

ነገሩ ለእሳቸው መጫወቻ አልነበረም። ዓይናቸውን ግላኮማ ይዞት ነበር። አዲስ አበባ ያያቸው ሐኪም የሄደው ብርሃን እንደማይመለስ፣ የቀረውም እየጠበበ እንደሚሄድ፣ ምናልባት ዓመት፣ ምናልባት ከዚያ ያነሰ ጊዜ እንዳላቸው ሳይደብቅ ነግሯቸዋል። ወረቀት ላይ የታተመ ፊደል ከታያቸው ቆይቷል። በሰሌዳው ግን ፊደሉን እያተለቁ፣ እያተለቁ፣ በአንድ ገጽ አራት መስመር እስኪቀር አተልቀው ያነብቡ ነበር። በዚያ ሰሞን የያዙት አንዲት እናት የጠፋ ልጇን ከወደብ ወደብ ስትፈልግ የምትኖርበት ወፍራም ልብ ወለድ ነው። «ዓይኔ ሳይዘጋ ልጇን ማግኘቷን ልይ፣ ከዚያ በኋላ እግዜር የፈቀደውን ያድርግ» ይሉ ነበር። መሐሉ ላይ ደርሰዋል።

ባትሪው ያን ጊዜ ደከመ። መጀመሪያ ወር ይቆይ የነበረው ሳምንት፣ ከዚያ አንድ ቀን፣ በመጨረሻ ገመዱ ሲነቀል አብሮ ጥፍት ማለት ጀመረ። መብራት ለአምስት ቀን በሚጠፋበት አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። እትዬ አስካለ አምስት ቀን ከዓይናቸው ላይ ይቀነስባቸዋል።

የዘመሮ ሬዲዮና ሞባይል ሁሉ የሚጠገነው ሰይድ ዘንድ ነበር። ከቆላ መጥቶ ገበያው ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል የተከራየ፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ያቆመ፣ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ነው። ለሰሌዳው የሚሆን ባትሪ በዘመድ በኩል አስፈልጎ ከመርካቶ አስመጣ። ዕቃው ሲደርስ እትዬ አስካለ ሰሌዳውን ለእኔ ሰጥተው «ሰይድ ጋ አድርስልኝ» አሉኝ። አድርስልኝ ነው ያሉት። ሥራልኝ አላሉም።

ሰይድን ሱቁን ሊዘጋ ሲሰናዳ አገኘሁት። ለዒድ ወደ ቤተሰቡ መውረዱ ነበር።

«ሰኞ እመለሳለሁ፣ ሰኞ እሠራላቸዋለሁ» አለኝ።

«አራት ቀን ይጠብቁ ነው የምትለኝ?»

«ምን ላድርግ መምህር፣ መኪናው ቆሞ ይጠብቀኛል።»

እኔው ልሥራው አልኩት። ደብረ ብርሃን ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ስለዚሁ ዕቃ አሥራ አንድ ገጽ አሳትሜ ነበር፤ አውጥቼ አሳየሁት። ገጾቹን አገላብጦ አየና ሳቀ። «መምህር፣ ይሄ እኮ ድርሰት አይደለም። ሰርዘው እንደገና አይጽፉትም።»

ሱቁ በር ላይ የቆሙ፣ ከሰይድ ጋር ወደ ቆላ የሚወርዱ ሁለት መንገደኞች አብረው ሳቁ። ምን አለበት? ቀልድ ነው። እኔ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስለ እትዬ አስካለ ዓይን ማሰቤን ተውኩ። የማስበው ስለ ሁለቱ ሰዎች ሳቅ ነበር። በዚያው ወር አንድ ጽሑፍ አውጥቻለሁ፤ «ባለሙያ ጠባቂ ሕዝብ» የሚል። እኛ አምፖል ለመቀየር እንኳ ሰው እንጠራለን እያልኩ አገሩን ሁሉ የሰደብኩበት ነው። ያንን የጻፈ ሰው ሰኞን ይጠብቃል?

ካቻቢቴውን አውሰኝ አልኩት። እንደ መርፌ የቀጠነች፣ ጫፏ ኮከብ የሆነች ካቻቢቴ ነች። ሲሰጠኝ ደስ አላለውም። «እንግዲህ እርስዎ ሆነው ነው» አለና መኪናው ጥሩንባውን እየነፋ ምክሩን አከታተለልኝ። ባትሪው በሙጫ ከጀርባው ተለጥፏል። ሙጫው በዚህ ብርድ ድንጋይ ነው። ገብስ ቆልተው፣ በጨርቅ ቋጥረው፣ ክዳኑ ላይ አስደግፈው ሩብ ሰዓት ያቆዩት፤ ይለሰልሳል። ከዚያ በክር ይላቀቃል እንጂ በብረት አይነካም። ጠረጴዛ ላይ ይሥሩት። ከጀርባ አይግፉት፣ ከባትሪው ሥር ያለው መስታወት የሽንኩርት ልጣጭ ነው።

የተቆላ ገብስ! ወገብ ሲያም፣ ሆድ ሲቆርጥ የምናስደግፈውን የገብስ ቋጠሮ ለኤሌክትሮኒክስ ያዝልኛል። ያሳተምኩት ወረቀት ሙቅ አየር በሚነፋ መሣሪያ ማሞቅ ይላል። ዘመሮ ውስጥ እንዲህ ያለ መሣሪያ የለም። ስለዚህ የተማረው ሰው ምን አሰበ? መሣሪያው ከሌለ ማሞቁ ይቅር ብሎ አሰበ። በገብስ ከማሞቅ ባለማሞቅ መሳሳት ይሻላል! ይህን ስጽፍ ጥርሴን እያፋጨሁ ነው። ሙቀት ሙቀት ነው። ከገብስ ይምጣ፣ ከፈለገበት ይምጣ፣ ሙጫ አይጠይቅም።

እኔ ከፈትኩት። ቀኑ ሐሙስ ነው፣ ከምሳ በኋላ፣ ቤቴ ደጃፍ ላይ፣ ፀሐይ ልሞቅ ወንበር አውጥቼ። ጠረጴዛ ላይ አላደረግሁትም። መስታወቱ እንዳይጫር ብዬ ጋቢዬን አጥፌ ጉልበቴ ላይ ደፋሁት። ክዳኑ በመታወቂያዬ ጠርዝ ተፈልቅቆ ወጣ። አምስቱ ብሎኖች ወጡ። አንዷ ሣር ውስጥ ወድቃ ጠፋችብኝና በአራት እግሬ እየዳህኩ ፈልጌ አገኘኋት። እስከዚያ ድረስ በራሴ ኩራት ተሰምቶኝ ነበር። ከዚያ ባትሪው እንቢ አለ። በጥፍሬ ሞከርኩ፣ እንቢ። በማንኪያ ጭራ ሞከርኩ፣ እንቢ። ይህን ዕቃ የሠሩትን ሰዎች ሰደብኩ። የሚያረጅ ነገር በማይላቀቅ ሙጫ የሚለጥፍ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? አዲስ ግዙ ለማለት ነው? እትዬ አስካለ ከየት ያመጣሉ? ቁጣዬ ትክክል ነበር። ዛሬም ትክክል ነው። ግን በትክክለኛ ቁጣ ነው የጠረጴዛ ቢላዋ ያነሣሁት። ባትሪው ሥር አስገባሁት፣ በአውራ ጣቴ ከጀርባ ተጫንኩ፣ ጋቢው ከሥር ሰመጠ። ቀጭ አለ።

ድምፁ ትንሽ ነው። ቆሎ በጥርስ ሲቆረጠም እንኳ ከዚያ ይበልጣል።

አዲሱን ባትሪ ሰካሁ። ዕቃው ነቃ። ከላይ ሦስት መስመር ጥቁር ሽንትር ሆነ፤ ከታች አራተኛው መስመር የእናቲቱን ስም እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ብገፋው፣ ባጠፋው፣ ብከፍተው አልነቃነቅ አለ። እትዬ አስካለ ያነበቡት የመጨረሻ መስመር ያ ነው። እኔ ነኝ ያቆምኩት።

በማግሥቱ ወሰድኩላቸው። መንገድ ላይ የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር። እምላለሁ ማለት አልችልም፣ ለምን እንደማልችል ትሰማላችሁ፤ ግን እውነቱን ልናገር ነበር የሄድኩት። እትዬ አስካለ ሰሌዳውን ዓይናቸው አጠገብ አስጠግተው ብዙ ቆዩ። ጣታቸውን ደጋግመው አሳለፉበት። ከዚያ ቀና ብለው፣ ወደ እኔም ሳይሆን ወደ ድምፄ ዞረው፣ «ሰይድ ነው የከፈተው?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ።

በደሌ በሙሉ ይህ ነው። አንድ ቃል። ጥያቄውን እሳቸው አዘጋጁልኝ፣ እኔ ገባሁበት። ሰይድ ባይሄድ ኖሮ አልል ነበር? እሳቸው «አንተ ነህ?» ቢሉኝ ኖሮ እውነቱን እናገር ነበር? እንዲህ ዓይነት ጥያቄ እየደረደርኩ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ጥያቄዎቹ ለእኔ ጥሩ ጥሩ ናቸው፣ ሁሉም እኔን ትንሽ ትንሽ ያድኑኛል። «አዎ» ያልኩት ግን እኔ ነኝ።

ሰይድ አራት ቀን አልነበረም። ለአንድ ውሸት አራት ቀን ብዙ ነው። ጌታሁን ሰምቶ በገነ። «መኪና ቆሞ እየጠበቀው የማይችለውን ለምን ይነካል? የአሮጊት ዓይን ነው እኮ ያጠፋው!» እያለ ገበያውን ዞረበት። ሰኞ ሰይድ ከመኪና ሲወርድ ከእሱ በቀር ሁሉም ያውቅ ነበር። ነገሩ ለሦስት ሽማግሌዎች ተሰጠ። እትዬ አስካለ «ተዉት፣ ለዕቃ ብላችሁ ሰው አታሳዝኑ» ብለው ነበር፤ ጌታሁን አልሰማቸውም። ገበያው ዳር ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ዋናው ሽማግሌ አባባ ደጀኔ ነበሩ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ የማይቸኩሉ ሰው።

ሰይድ ተነሥቶ «እኔ አልከፈትኩትም። ካቻቢቴ ነው ያዋስኩት» አለና ወደ እኔ አየ። በቁጣ አልነበረም። እንግዲህ ተነሣና ተናገር፣ እንጨርስና እንሂድ የሚል አስተያየት ነበር።

አባባ ደጀኔ «መምህር፣ አንተስ ምን ትላለህ?» አሉኝ።

«እኔ ባለሙያ አይደለሁም» አልኩ።

ልብ አድርጉልኝ፣ ይህ እውነት ነው። በዚያ ቀን ከተናገርኩት ሁሉ እውነቱ ይህ ብቻ ነበር። ሰዎቹም የምፈልገውን ያህል ተረዱት። ባለሙያ ያልሆነ ሰው እንዴት ይከፍታል? አልከፈተም ማለት ነው።

ነገሩ አልለይ ሲል አባባ ደጀኔ እንደ አገሩ ወግ መሐላ ጠየቁ። ሁለታችሁም በየሃይማኖታችሁ ማሉ፣ እንቢ ያለ ዕቃውን ይተካል አሉ። መጀመሪያ እኔን ጠየቁኝ። ተነሣሁና ንግግር አደረግሁ። ስለ መሐላ ጽፌ አውቃለሁ፤ መሐላ ማስረጃ ለሌለው ዳኝነት ምርኩዝ ነው፣ የእግዚአብሔርን ስም ለጠብ መጥራት ድንቁርና ነው፣ እኔ በመርህ አልምልም አልኩ። ከወንጌልም ጠቀስኩ። አማርኛዬ እንደዚያ ቀን አምሮልኝ አያውቅም። አንደኛው ሽማግሌ ራሳቸውን እየነቀነቁ «የተማረ ሰው እንዲህ ነው» አሉ።

ቀጥሎ ሰይድን ጠየቁት። «እኔም በመስታወት ስባሪ የአላህን ስም አላነሣም» አለ። «እኛ እዚህ ስንከራከር እሳቸው እየጠበቁ ነው። ልተካላቸው።»

ያንኑ ነው ያለው። እኔ በግማሽ ሰዓት ያልኩትን እሱ በአንድ ዐረፍተ ነገር አለው፤ እሱ ደግሞ ከልቡ ነው ያለው። የእኔ እንቢታ ዕውቀት ተባለ፣ የእሱ እንቢታ ጥፋቱን ማመን ተባለ። እኔ የአገሩ ልጅ፣ መምህር፣ ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ። እሱ ከቆላ የመጣ፣ ሃይማኖቱ ሌላ፣ እጁ ዘይት የነካው። ይህ ሲሆን ቁጭ ብዬ አየሁ። ሕይወቴን ሙሉ የጻፍኩት ስለዚህ ዓይነት ነገር ነው፤ ሰው በማንነቱ ሲመዘን፣ ፍርድ በአፍ ሲገዛ። ዓይኔ እያየ ተፈጸመ፣ የተጠቀምኩትም እኔ ነበርኩ፣ ምንም አልተቃወምኩም። እጄን ያለማውጣት ልማድ ያን ቀን ከየት መጣብኝ?

ሰይድ ቃሉን ጠበቀ። ግን እንዲህ ያለ ዕቃ በዚያን ጊዜ አዲስ አበባም በቀላሉ አይገኝም። ፈልጎ፣ አስፈልጎ፣ ከእጅ ወደ እጅ አስተላልፎ እስኪያመጣው ከፋሲካ በኋላ ሆነ። በመሐሉ ሬዲዮውን የሚያመጣለት ሰው ጠፋ። «እጁ ሰባሪ ነው» ተባለ። ክፍሏን ለቀቀና ወደ ቆላ ወረደ፤ ሰሌዳውን የላከው ከዚያ ሆኖ በሾፌር እጅ ነው። የቀድሞዎቹ መጻሕፍት ሁሉ እንዲገቡበት ጌታሁንን በስልክ እየመራ አስጭኖታል።

ሰሌዳውን እትዬ አስካለ እጅ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ፊደሉን እስከ መጨረሻው አተለቅሁት። ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አራቁት፣ ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት።

«ተጽፎበታል?» አሉኝ።

ተጽፎበት ነበር።

ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት መልስ እየሄድኩ አነበብኩላቸው። ሰዎች አመሰገኑኝ፤ መምህር ውለታ አይረሳም አሉ። አልተቃወምኩም። ድምፄን አልወደዱትም መሰለኝ፤ ቶሎ ቶሎ ታነባለህ፣ ነጥቧ ላይ አታርፍም እያሉ እንደ ተማሪነቴ ያርሙኝ ነበር። እናቲቱ በመጨረሻ ልጇን አገኘችው፣ ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ሳያውቃት። ስጨርስ እትዬ አስካለ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ቀጥለው ያሉትን ግን ልደብቀው አልችልም፦ «ሰይድን ስታገኘው ይቅር ብዬዋለሁ በለው። እጁ ስቶ እንጂ ክፉ ሰው አይደለም። እንዳይጨነቅ።»

«እሺ» አልኩ። ይህ ሁለተኛው ቃል ነው።

እትዬ አስካለ ካረፉ ከዓመታት በኋላ ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ሰይድን አገኘሁት። ስልክ መጠገኛ ከፍቷል፣ ፀጉሩ ሸብቷል። እሱ ነው ቀድሞ ያየኝና «መምህር!» ብሎ የጠራኝ። ሻይ አዘዘልኝ። እትዬ አስካለ እንዴት እንዳረፉ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት፣ ነፍስ ይማር አለ። ከዚያ «ልጇን አገኘችው?» አለኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ለካ እትዬ አስካለ ሬዲዮ ሊያሠሩ ሱቁ ሲቀመጡ የልብ ወለዱን ታሪክ እስከ መሐሉ ተርከውለት ኖሯል። አገኘችው አልኩት፣ መጨረሻውን ተረክሁለት። አፉን ከፍቶ ሰማኝ።

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። በጠረጴዛው ላይ ከሁለት ብርጭቆ ሻይ በቀር በመሐላችን ምንም አልነበረም። እኔ ግን ምን አልኩ? «እትዬ አስካለ ይቅር ብዬዋለሁ ብለውሃል» አልኩት። መልእክት ነውና አደረስኩ።

ሰይድ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ይቅርታቸውን የላኩት በእርስዎ እጅ ነው?» አለ፤ ከዚያ ፈገግ አለ፣ ያ የድሮ ፈገግታው አልነበረም። «ሥራ አለብኝ» ብሎ ተነሣ።

እንግዲህ ነገርኳችሁ። ግን ለእናንተ መንገር ምንድነው? ሰይድን አታውቁትም። ሬዲዮአችሁን ከእጁ አልነጠቃችሁም። ለማያውቁት ሰው መናዘዝ ርካሽ ነው፤ በዚያ ላይ እንደ እኔ ያለው ጸሐፊ በኑዛዜውም ሊደነቅ ይፈልጋል። ሰይድም ከእኔ የሚሰማው አዲስ ነገር የለም፤ ካቻቢቴውን ለማን እንዳዋሰ ያውቃል። እውነቱን መስማት ያለበት ያ ገበያ ነው፣ በዚያ ባሕር ዛፍ ሥር የተቀመጠው ሰው ሁሉ ነው።

ከሦስቱ ሽማግሌዎች ሁለቱ ሞተዋል። አባባ ደጀኔ አሉ። አርጅተዋል፣ ግን ጆሯቸው ይሰማል ይላሉ። ቤታቸውን አውቀዋለሁ። ወደ ዘመሮ የሚሄደው አውቶቡስ ጠዋት በስንት ሰዓት እንደሚነሣም አውቃለሁ። ይቅርታ አልለምናችሁም። ገና አልሄድኩም።